ከታጠበ እግር ኪራይ አይጠየቅም

ስልኩ ሲጮኽ አፌ ውስጥ አራት ስፒል ነበር። የአንድ ዲያቆን ቀሚስ ጫፍ እየለካሁ ስለነበር ስፒሎቹን በከንፈሬ ይዣለሁ። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ወትፌ «እም» አልኩ። ደዋይዋ ከላሊበላ መሆኗን ነገረችኝና የልብሰ ተክህኖ ስፌት ለሚማሩ ሴቶች አሠልጣኝ ለመሆን ያመለከቱት እርስዎ ነዎት ወይ ስትል ጠየቀችኝ። «እም» አልኩ። ተመርጠዋል፣ ይመጣሉ ወይ አለች። ስፒሉ አሁንም አፌ ውስጥ ነው። «እም»።

ሐዋሳን ለቅቄ ወደ ሌላ ክልል ለመሄድ የተስማማሁት እንዲህ ነው፤ አንድ ቃል ሳልተነፍስ።

ስፒሎቹን አውጥቼ ሳበቃ አንድ ነገር ጨመረችልኝ። ከእኔ በፊት ሁለት አሠልጣኞች መጥተው ነበር አሉ። ቤት አጥተው በሆቴል ሲንገላቱ ከርመው አንዷ በወሩ፣ ሌላዋ በሁለት ወሯ ተመልሰዋል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ እንዲህ ወስኗል፦ የቤት ኪራይ ውል ይዞ ያልመጣ ሰው አይቀጠርም። ውሉ ጥር አንድ ቀን ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን አለች። ካልሆነ ተጠባባቂዋ ትጠራለች።

በዚያው ሳምንት የሐዋሳ አከራዬ፣ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ኪራዩን ከፍ እንደምታደርግና ካልተስማማኝ እስከ ጥር መጨረሻ ቤቱን እንድለቅላት ነግራኝ ነበር። ከምሰፋው ከአስሩ ቀሚስ ስድስቱ ለቤት ኪራይ ይሄድ ነበር፤ አሁን ስምንቱ ሊሄድ ነው። እንግዲህ በአንድ እጄ የሚያባርረኝ ቤት፣ በሌላው እጄ ቤት ካላመጣሽ የሚለኝ ሥራ ይዤ ተነሣሁ።

የማኅበራችን እህቶች «ወጉን ጻፊልን፤ እኛ ከዚህ ሐይቅ ዳር ተነሥተን አንደርስበትም» ስላላችሁኝ ነው ይህን የምጽፈው። ሐዋሳ ተመልሼ፣ ዕቃዬን ጠቅልዬ፣ እንደገና ከመጣሁ በኋላ ስለሆነ መጨረሻውን ታውቁታላችሁ። መንገዱን ግን አታውቁትም።

ታኅሣሥ 22፣ ከሐዋሳ አዲስ አበባ

ሻንጣዬ ውስጥ የገባው ይኸው ነው፦ ሁለት ሹራብ፣ ውዳሴ ማርያም፣ መቀስ፣ የልብስ መለኪያ ሜትር፣ ለጾሜ የሚሆን ቆሎ። ከቀበሌ መሸኛ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ጸሐፊው የምገባበት ቤት አድራሻ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ገና ልፈልግ ነው ስለው እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ታዲያ ወደ የት ልሸኝሽ?» አለ። እውነቱን ነው።

አዲስ አበባ መናኸሪያው አጠገብ አንድ አልጋ ይዤ አደርኩ። ስለዚያ አልጋ የምጽፈው የለኝም፤ ከጎኔ ያለው ክፍል ውስጥ የነበረው ሰውዬ ግን እስኪነጋ ድረስ በስልክ ስለ በግ ዋጋ ሲከራከር ሰምቻለሁ።

ታኅሣሥ 23፣ እስከ ደሴ

ጣርማ በር ላይ መስኮቱ በጉም ተሸፈነና የሐዋሳን ሙቀት እዚያው ተሰናበትኩት። ሁለተኛውን ሹራብ ከላይ ደረብኩ። ካልሲም ደረብኩ፤ ይህች ካልሲ ኋላ ታዋርደኛለች።

ከጎኔ የተቀመጡት የኮምቦልቻ ነጋዴ፣ ሰው ሁሉ ሐጂ እያለ የሚጠራቸው፣ ከሸዋ ሮቢት ጀምሮ ጠባቂዬ ሆኑ። መንገዱ እንዴት ነው ብዬ ስጠይቃቸው «አብሽሪ እህቴ፣ ዛሬ ሰላም ነው ብለዋል። የነገውን ነገ ይጠየቃል» አሉኝ። መኪናው ለምሳ ሲቆም ዳቦ ልገዛ እጄን ስዘረጋ ቀድመውኝ ሻጭዋን «ይኼ ዳቦ ወተት ነክቶታል? እህቴ ጾመኛ ናት» ብለው ጠየቁልኝ። ነክቶታል። ሙዝ ገዝተው ሰጡኝና የራሳቸውን ዳቦ እንዳላይባቸው ይሁን አላውቅም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው በሉ። እናንተ ሐዋሳ ላይ «ዓሣ ጾም ነው፣ አይደለም» እያላችሁ በየዓመቱ ስትከራከሩ እኒህ ሰው ትዝ ይሉኛል።

ታኅሣሥ 24፣ ወልዲያ

ከደሴ ወልዲያ ስላለው መንገድ ብዙ አልጽፍም፤ ተኝቼ ነበር። ወልዲያ ያረፍኩበት ቤት አልጋው ንጹሕ፣ ብርድ ልብሱ ሁለት ነበር። ባለቤቷ ሌላ ሦስተኛ ጨምራልኝ «ላስታ ስትወጪ ይኼንንም ትናፍቂዋለሽ» አለችኝ።

ታኅሣሥ 25፣ ጋሸናን ያለፍኩበት ቀን

ላሊበላ የሚሄድ ሰው ጋሸና ላይ ወርዶ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ይህን በደንብ አውቃለሁ፤ በማስታወሻ ደብተሬ ጽፌዋለሁ፣ ከሥሩም አስምሬበታለሁ። ወልዲያ መናኸሪያ እስከ ረፋድ ጠብቀን የተገኘው መኪና ወደ ፍላቂት የሚሄድ ሚኒባስ ነበር። ረዳቱ ጋሸና እንደሚጥለኝ ቃል ገባልኝ።

ከወልዲያ በላይ ያለውን ዳገት እናንተ ብታዩት፣ ከታቦር ተራራችን ወጥታችሁ ስትፎክሩ የነበረውን ትተዉ ነበር። መኪናው ጥግ ጥጉን እየተጠማዘዘ ሲወጣ ገደሉ በእኔ በኩል ሆነ። ዓይኔን ጨፍኜ ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ። የዕለቱን ስጨርስ የነገውን ቀጠልኩ። የነገውን ስጨርስ መንገዱ ሜዳ ሆኖ ነበር፤ እኔ ግን አልገለጥኩም።

ስገልጥ ሰው ሁሉ እየወረደ ነው። «ጋሸና ደረስን?» አልኩ ረዳቱን።

«ጋሸናማ ካለፍናት ቆየን፣ እትዬ። ፍላቂት ነን።»

«ለምን አልጠራኸኝም?»

«ጸሎት ላይ ነበሩ» አለ፤ ጥያቄው እንግዳ ሆኖበት። «ሾፌሩ እንኳ ጥሩምባ አላሰማም። ቀስ ብለን ነው ያለፍናት።»

ለካ ጋሸና ላይ መኪናው ቆሞ ነበር። አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ሊነኩ እጃቸውን ሲዘረጉ ከኋላ የተቀመጠች ሴት «ኧረ ተዉ፣ ከማን ጋር እንደሆነች በምን እናውቃለን» ብላ ከለከለች። ሰው ሁሉ እውነት ነው ብሎ ዝም አለ። መኪናው ሙሉ ሰው ለእኔ ጸሎት ሲል በሹክሹክታ እያወራ አሳልፎኝ ሄደ።

ያቺ ሴት ራሷ መጥታ ሻንጣዬን አነሣች። እትዬ ዘነቡ ትባላለች፤ ወፍራም ጋቢ የለበሰች፣ ሳቋ ከፊቷ ቀድሞ የሚመጣ የገብስ ገበሬ ሚስት ናት። «አትንኳት ያልኩ እኔ ነኝ» አለች። «እንግዲህ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ የምታድሪው እኔ ዘንድ ነው።»

ፍላቂት ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። ቤቷ ከገበያው ትንሽ ዘወር ብሎ፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ ውስጡ ሙቅ ነው። የገብስ እንጀራ በስልጆ አቀረበችልኝ፤ ስልጆ ከባቄላ የሚሠራ የጾም ማባያ ነው፣ ሰናፍጩ አፍንጫ ይከፍታል። እኛ ቆጮና በቆሎ የለመድነው ሆዳችን ገብሱን ለማመን ጥቂት ጊዜ ይፈጅበታል፤ ካመነ በኋላ ግን አይለቅም። ሳቆም «አፈር ስሆን» እያለች ስታጎርሰኝ አመሸች።

ወሬያችን ስለ ቤት ሆነ። ሐዋሳ የምኖርበትን አንድ ክፍል፣ በየወሩ የምከፍለውንና አሁን የሚጨመርብኝን ስነግራት ባልዋን ጠርታ እንደገና አስነገረችኝ።

«ለግድግዳ?» አለች። «ግድግዳው ምን ይበላል?»

ባልየው በስንት ደቦ ቤቱን እንደሠሩት አስረዳኝ፤ አንዱ ድንጋይ አመጣ፣ አንዱ እንጨት፣ የሰው ጉልበት በተራ ነው የሚመለሰው። ከዚያ ዘነቡ ወልዲያ ያለች ልጇም እንደኔው እንደምትከራይ፣ ለእናቷ ግን ስንት እንደምትከፍል ተናግራ እንደማታውቅ ነገረችኝ። «ደግ አደረገች» አልኳት። ተሳሳቅን።

ዘንድሮ አውድማው ላይ ያለው ገብስ ባይዛቸው ኖሮ ለገና ላሊበላ አብረውኝ ይሄዱ እንደነበር ነገሩኝ። ጠዋት በሶ ቋጥራልኝ፣ ጋሸና የሚወርድ መኪና ላይ አስቀምጣኝ፣ ረዳቱን እንዲህ አዘዘችው፦ «ይቺ ሴትዮ ብትጸልይም ቀስቅሳት።»

ታኅሣሥ 26፣ ላሊበላ

ጋሸና ላይ ከጭነት መኪና ሾፌሮች መሃል ተቀምጬ በሻይ በሶ በላሁ። ከዚያ ወደ ላሊበላ ታጠፍኩ፤ ዓይኔን ገልጬ።

መንገዱ ዳር ዳር ነጭ የለበሰ እግረኛ ነው። አንዳንዱ ከዋግ፣ አንዳንዱ ከበጌምድር፣ ብዙ ቀን የተጓዘ። እኔም ነጭ ነጠላ ለብሻለሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ መከራዬ ሁሉ ከዚህ ነጠላ ይጀምራልና።

ከተማው ስደርስ ለባጃጅ ሾፌሩ የሚከራይ ቤት ታውቃለህ ወይ አልኩት። ያውቃል። አያ ሞላ የሚባሉ ሰው ግቢ ውስጥ አስተማሪ ይኖርባት የነበረች አንዲት ክፍል ባዶ ናት አለና ደጃፋቸው ላይ ጣለኝ።

አያ ሞላ ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ስድስት ሰባት ምዕመናን በትራቸውን አስደግፈው ተቀምጠዋል። እንዳዩኝ ተነሡ። «እንኳን ደኅና ገባሽ፣ ልጄ» ብለው ዱካ በሚሏት በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ባለቤታቸው እማማ የሻረግ ሳፋና በማንቆርቆሪያ ለብ ያለ ውሃ ይዘው መጡ።

«አያ፣ እኔ እንኳ የመጣሁት…» አልኩ።

«መጀመሪያ እግር ይታጠባል። ወሬ ይደርሳል።»

አያ ሞላ ጎንበስ ብለው ጫማዬን አወለቁ። የመጀመሪያዋ ካልሲ ወጣች። ሁለተኛዋ ስትወጣ አውራ ጣቴ ብቻዋን በቀዳዳው ብቅ አለች። በሰው ልብስ ላይ ስፌት ሳይስት የኖረ እጅ የራሱን ካልሲ ረስቷል! አያ ሞላ አይተው እንዳላዩ ሆኑ፤ እማማ የሻረግ ግን «ልብስ ሰፊ መሆን አለብሽ» አሉ። እንዴት አወቁ ብላቸው፣ የሸማኔ ቤት ሁልጊዜ ራቁቱን ነው አሉኝ።

እሳቸው ውሃ ያፈሳሉ፣ አያ ሞላ ያጥባሉ። እማማ ሊያግዟቸው አንዴ እጃቸውን ሲሰዱ ባልየው በክርናቸው መለሷቸው። እግሬን በነጭ ጨርቅ አድርቀው፣ ስመው፣ ሊነሡ ሲሉ ወገባቸውን ይዘው አቃሰቱ። እኔ ዕንባዬ መጣ። በሕይወቴ እግሬን ያጠበኝ ሰው እናቴ ብቻ ነበረች።

ከዚያ ክፍሏን አሳዩኝ። ለእንግዳ ማደሪያ ነው ያሉኝ። ማልጄ ስነቃ ሜትሬን አውጥቼ ለካኋት። ግድግዳዋ ድንጋይ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ መስኮቷ ወይራ ዛፍ ወዳለበት ቁልቁለት ያያል። የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ልክ ይገባል፤ አንድ ስንዝር ይተርፋል። ልቤ እዚያው ቀረ።

ታኅሣሥ 27፣ ኪራይ የሚናገር ሰው ፍለጋ

ጠዋት አያ ሞላን በትሕትና ጠየቅኋቸው፦ ለሥራ የመጣሁ ነኝ፤ ክፍሏን ብከራይ እወዳለሁ፤ በወር ስንት ነው?

አያ ሞላ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ትናንት እግርሽን ያጠብኩ መሰለኝ» አሉ።

«አዎ አያ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ታዲያ እግሯን ያጠብኩላትን ሰው ኪራይ ልጠይቅ? አባቴም በገና ሰሞን ያጠቡትን እግር አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም። የፈለግሽውን ያህል ተቀመጪ።»

ከገና በኋላስ ብዬ ተከራከርኩ። «ውሃው ሲደርቅ የታጠበው እግር ይረሳል እንዴ?» አሉና መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።

ሌላ ቤት ልፈልግ ወጣሁ። በመጀመሪያው ግቢ ገና ከበሩ ሳልዘልቅ ዱካ ቀረበልኝ። እግሬን ወደ ኋላ ሰብስቤ ታጥቤያለሁ አልኩ። እንግዲያው ብዪ ተባልኩ፤ በላሁ። የቤት ኪራይ ስል የቤቱ እመቤት ምዕመን ከሚከፍል ቤታችን ይፍረስ ብላ አማተበች።

እንግዲህ ነጠላው ነው ጠላቴ አልኩ። ነጠላዬን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና በጃኬት ብቻ፣ ደብተሬን በብብቴ ይዤ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው መስዬ ሁለተኛው ግቢ ገባሁ። ሴትየዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አይታኝ ወደ ጓዳ ገባች። የታጠበ ነጠላ ይዛ ተመለሰች። «በመንገድ ወሰዱብሽ አይደል?» አለች፣ ትከሻዬ ላይ እያደረገችልኝ። «አብሽሪ፣ የላሊበላ እንግዳ ነጠላ አጥቶ አያድርም።» የራሴ ነጠላ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ለመናገር አፈርኩ። ያን ዕለት ሁለት ነጠላ ይዤ፣ አንድም ቤት ሳልይዝ ዋልኩ።

ሦስተኛው አዲስ ፎቅ ነበር። ባለቤቱ ወዲያው ዋጋ ተናገረ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ የስንት ወር ቅድሚያ ክፍያ እንደሚፈልግ ነገረኝ። የሐዋሳዋ አከራዬ በዓይኔ ላይ መልአክ ሆና ታየችኝ። የሆቴል እንግዶች እንጂ የስፌት አስተማሪ የሚችለው አይደለም።

እንግዲህ ከነጻውና ከማይቻለው መሃል ቆምኩ። ማታ አያ ሞላ ግቢ ስመለስ እማማ የሻረግ ፊቴን አይተው ባቄላ እየፈለፈልኩ እንድነግራቸው አደረጉኝ። ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ባቄላውን ብቻ ይቆጥሩ ይመስል ዝቅ ብለው ፈገግ አሉ።

ታኅሣሥ 28 እና 29

ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ጽፈዋልና እተወዋለሁ። ይህን ብቻ ልበል፦ ፎቶግራፍ ላይ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያሳዩአችሁ። እዚያ ስትደርሱ ግን እናንተ ታች ናችሁ፤ ካህናቱም ዐለቱ አፋፍ ላይ ቆመው ሲያሸበሽቡ ሰማዩ ራሱ የሚዘምር ይመስላል። አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ደግሞ ቤት እንዳላገኘሁ ትዝ አለኝና ያንንም ለእግዚአብሔር ነገርኩት።

በዋዜማው ቀን ለአያ ሞላ እንግዶች ጠቃሚ ሆንኩ። የመንገዱ እሾህ ያልቀደደው ልብስ አልነበረም። ወይራው ሥር ተቀምጬ ስጥፍ ዋልኩ። ከዋግ የመጡ አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን ሱሪ አምጥተው «በስንት ትሰፊያለሽ?» ሲሉኝ በቁጣ «እማማ፣ ለገና ከመጣ ሰው ገንዘብ አልቀበልም» አልኩ። ከተናገርኩ በኋላ ነው የሰማሁት። አያ ሞላ ከወዲያ በኩል ሆነው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ታኅሣሥ 30፣ ፍርድ

ምዕመናኑ ማለዳ ተነሥተው በየመጡበት ሄዱ። ግቢው ጭር አለ። የአያ ሞላና የእማማ የንስሐ አባት ቄሱ ለጸበል ጸዲቅ መጥተው ነበርና እሳቸው ባሉበት ነገሬን አነሣሁ። ነገ ጠዋት ውል ይዤ ካልቀረብኩ ሥራው እንደሚያልፈኝ፣ ሐዋሳም እስከ ጥር መጨረሻ ብቻ ቤት እንዳለኝ ነገርኳቸው።

«ምን ቸገረሽ?» አሉ አያ ሞላ። «ነጻ ኑሪ።»

«ነጻ መኖር አልችልም፣ አያ። መሥሪያ ቤቱ ውል ይላል። ደግሞም በነጻ በምኖርበት ቤት ጣሪያው ቢያፈስ አፈሰሰ ለማለት አፍ አይኖረኝም። ወር ሳይሞላ አፍሬ እሄዳለሁ።»

«እኔ ደግሞ ያጠብኩትን እግር አላስከፍልም። ሰው ልማዱን በስተርጅና አይለውጥም።»

ቄሱ ወደ እኔ ዞረው ሌላ ቤት ብትፈልጊስ አሉኝ። ሁሉን ፈልጌአለሁ አልኩ። ሻንጣዬን ማሰር እንዳለብኝ ገባኝ፤ መስኮቷንና ወይራውን አየሁ። ያኔ እማማ የሻረግ፣ ዳቦውን መቁረስ ሳያቆሙ፣ ተናገሩ።

«እኔ ኪራይ እቀበላለሁ።»

ሁላችንም ዞር አልን።

«ቤቱ የሁለታችን አይደለም ወይ፣ አባ?» አሉ ለቄሱ። «እግሯን ያጠቡት እሳቸው ናቸው። እኔ አላጠብኩም።»

«ውሃውን ማን አፈሰሰ?» አሉ አያ ሞላ። «ያፈሰሰ እጅና ያጠበ እጅ አንድ ነው።»

«ዛሬ አንድ ሆነ? ስንት ዓመት ሙሉ ወገብዎን እያመመዎ ላግዝዎ ስል በክርንዎ ሲመልሱኝ ምን ይሉኝ ነበር? ‹ተዪ፣ በረከቱን አትሻሚኝ› አይደለም የሚሉኝ? በረከቱን አንቱ ብቻዎን ከወሰዱ፣ አልቀበልም የሚለውም የአንቱ ብቻ ነው። እኔ የእኔን ግማሽ እቀበላለሁ።»

ቄሱ መጀመሪያ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ነበር። ኋላ ግን ለቀቁትና እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሞላ» አሉ፣ «ተረታህ።»

አያ ሞላ አቀረቀሩ። የከፋቸው መሰለኝ፤ ደንግጬ ተዉት ልል ነበር። ቀና ሲሉ ግን ዓይናቸው ውስጥ ሌላ ነገር ነበር።

«የእሷን ግማሽ ለእሷ ክፈዪ» አሉ። «የኔን ግማሽ በገንዘብ አልነካም። ግን ወገቤ እንዳየሽው ነው፤ ከርሞ የሚታጠፍ አይመስለኝም። በሚመጣው ገና ሳፋውን አንቺ ትይዣለሽ። እዚህ ደጅ የገባውን እግር ሁሉ አንቺ ታጥቢያለሽ። የኔ ኪራይ እሱ ነው።»

«በረከቱስ?» አሉ እማማ የሻረግ።

«በረከቱን ለሦስት» አሉ አያ ሞላ፣ ትንሽ ቅር እያላቸው።

ውሉን በደብተሬ ቅጠል ላይ እኔ ጻፍኩት፣ ቄሱ ምስክር ሆኑ። እማማ የግማሻቸውን ዋጋ ሲናገሩ አንዴ ከፍ አደረጉት፣ አንዴ ዝቅ አደረጉት። በመጨረሻ የተስማማንበት ከሐዋሳው ክፍሌ ኪራይ ሲሶ አይሞላም።

ጥር 1፣ ጠረጴዛው ላይ

የማሠልጠኛው ኃላፊ፣ ያቺ በስልክ «እም» ያልኳት ሴት፣ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። እንደገና አነበበች። ጣቷን ሁለተኛው ተራ ላይ አሳረፈች።

«‹ቀሪው ግማሽ በየዓመቱ በገና በእግር ማጠብ ይፈጸማል›» ብላ ጮክ ብላ አነበበች። «ስንት እግር ነው?»

«የመጣውን ሁሉ» አልኩ።

መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። ወረቀቱን ፋይል ውስጥ አስገባችና «ከዚህ በፊት የመጡት እንዲህ ያለ ውል አላመጡም» አለች። «እርስዎ የሚሄዱ አይመስለኝም።»

አሁን

ሐዋሳ ተመልሼ ከእናንተ ጋር ተለቃቅሼ፣ የስፌት መኪናዬን በጆንያ ጠቅልዬ ከመጣሁ እነሆ ወራት ሆኑ። መኪናዋ መስኮቱ ሥር ናት፤ ስንዝሩ እንደተረፈ ነው። ተማሪዎቼ አሥራ አንድ ናቸው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሌሊት ጀሪካን መሙላት ተምሬአለሁ። «ዓሣ ናፈቀኝ» ስል እማማ የሻረግ ዓሣ ምን ይመስላል ብለው ይጠይቁኛል። ስነግራቸው «ዓይኑን ሳይጨፍን የሚሞት እንስሳ እንዴት ይበላል» ይላሉ። ባለፈው ዝናብ ጣሪያው አፈሰሰ። ሄጄ «አፈሰሰ» አልኩ፤ አያ ሞላ መሰላል ይዘው መጡ። እንዲህ ነው እንጂ ቤት ማለት ብዬ ደስ አለኝ።

ከእናንተ ከእህቶቼ አልፌ፣ አሁን ልመናዬ በዚያ ገና በመንገድና በአያ ሞላ ደጅ ላገኘኋችሁ ነው። የልጅ ልጅዎን ሱሪ የሰፋሁልዎ የዋግ እናት፤ በመንገድ የተዘረፍኩ መስሎሽ ነጠላ ያለበስሽኝ እህቴ፣ ነጠላሽ ታጥቦ ይጠብቅሻል፤ ጸሎቴን ላለማቋረጥ ጋሸናን በዝምታ ያሳለፋችሁኝ የሚኒባሱ ሰዎች ሁሉ፤ አንቺም እትዬ ዘነቡ፣ ዘንድሮ አውድማውን ቀድመሽ አንሺ። ለሚመጣው ገና ኑልኝ። ስትመጡ ደግሞ እንደ ልማዳችሁ ከተማው መግቢያ ያለው ወንዝ ላይ ወርዳችሁ እግራችሁን እንዳትታጠቡ። አደራ፣ ከነአቧራው አምጡት። የዓመት ኪራዬ ግማሽ እሱ ነው።